ፊቱ ለባለቤቱ

አጅማን፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ከሁለተኛው መታጠፊያ፣
የማስተር ባሺር ሱቅ አለ፣ የሴት ቀሚስ መስፊያ።
ቆራጩ እሱ ነው፤ እኔ ቁልፍ ተካይ፣ ክር ለቃሚ፣
ማታ ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር እራፊ ቃራሚ።
ሲቆርጥ ሁሌ አንድ ነገር ይላል፦ «ፊቱ ለባለቤቱ፣
ጀርባው ለክሩ፣ ለቋጠሮው፣ ለሰፊዪቱ።»

ዳንቴል ነው፣ ብሮኬድ ነው፣ ከዓባያ የተረፈ፣
ከሰርግ ቀሚስ ብብት ሥር በመቀስ ተበልቶ የረገፈ።
«ውሰጂው» አለኝ አንድ ቀን፣ «ለእኔ ዕዳ ነው ለመጣያ»፤
በፌስታል አጭቄ ገባሁ፣ ለአምስት ወደምናድርባት ማደሪያ።

ሐምሌ ነው። መንገዱ ላይ የጫማ ሶል ይቀልጣል፣
ክፍላችን ግን በኤሲው እንደ ውርጭ ያንቀጠቅጣል።
ማጥፊያው ከአከራዩ ጋር ነው፤ ለሕንፃው ሁሉ በአንድ፤
ሉባባ ካልሲ አድርጋ ትተኛለች፣ በዓረብ አገር ብርድ።

ብርድ ልብስ ልሰፋ አሰብኩ። ቁርጥራጩን ዘረጋሁት፣
ወለሉ ላይ በየመልኩ ጎን ለጎን ደረደርኩት።
ቀዩ ጮኸ፣ ወርቃማው ጮኸ፣ አረንጓዴው ተጣላ፤
ሁሉም ሙሽራ ነኝ ይላል፣ ሚዜ የሚሆን የለም ሌላ።
ገርጣ ያለ ጨርቅ ፈለግሁ፣ ዐይን የሚያርፍበት፣ ደብዛዛ፤
ሜትሩ ሃያ ድርሃም ነው፣ በምን አቅሜ ልግዛ!

ያኔ ነው አንዱ እራፊ፣ የኤሲው ነፋስ ገፍቶት፣
በጀርባው የተንጋለለው፣ ፊቱን ለወለሉ ሰጥቶት።
ያው ቀይ ነው፤ ግን የታጠበ፣ ግን ድምፁን ቀንሶ፣
እንግዳ ሸኝቶ እንደገባ ፊት፣ ፈገግታውን ጨርሶ።

ገለበጥኳቸው አንድ በአንድ። ብሮኬዱ ከኋላው
ክሩ ተንጨባሮ፣ ረዥም ረዥም፣ እንደ ፀጉር ያልተሠራው፤
በፊት በኩል የፈካው አበባ፣ እዚህ ሥሩ ይታያል፣
የትኛው ክር የት እንደዞረ፣ ማን ማንን እንዳዘለ ያሳያል።
ሳቲኑ መስታወትነቱን ትቶ አመዳማ ጉም ሆነ፣
የዓባያው ጥቁር እንኳ ሲዞር እንደ ማታ ባሕር ሰከነ።
ፋብሪካው ስሙን አትሞ ነበር፣ በአንዱ ቁራጭ ጠርዙ፤
በጀርባው ፊደሉ ዞረ፣ አገሩ ጠፋ ከነመዘዙ።

አንዱን በፊቱ፣ አንዱን በጀርባው፣ እያጣመርኩ ገጠምኩት፤
ከአንድ ጨርቅ ሁለት ቀለም፣ ሳልከፍል አተረፍኩት።

ሉባባ ከላይኛው አልጋ አንገቷን አውጥታ አየችኝ፤
«አንቺ፣ ተገልብጦብሻል! ዐይንሽ ደከመ መሰለኝ።
ደግሞስ ድሪቶ ልንለብስ ነው ባሕር ተሻግረን የመጣነው?»
አልመለስኩላትም። ክሩን በጥርሴ ይዤ ነው።

ሐሙስ ኡም ኸልፋን መጣች፣ ወርቃማ ቀሚሷን ልትወስድ።
«የተረፈውስ?» አለች። ማስተር ባሺር ደረቀ እንደ ግንድ።
ብርድ ልብሱ ጉልበቴ ላይ ነበር፣ ጠርዙን ልዘመዝም አምጥቼው፣
የሷ ወርቅ አሥራ ሦስት ቦታ፣ በጀርባው በኩል ሰፍቼው።
ቀረበች፤ ቀለበት ባለው ጣት አንዱን ቁራጭ ዳበሰች፤
«ይህቺ የገለባ መልክ ታምራለች፣ ከየት ናት?» ብላ ሳቀች።

የራሷን ጨርቅ ነው።

«ከዚሁ ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም።
እውነትም፣ በፊቱ በኩል፣ አይደለም።
ስትወጣ ማስተር ከረክ ሻይ አዘዘልኝ፣ በአራት ዓመት የመጀመሪያው፤
ቶሎ አልጠጣሁትም፤ ጣቴን አሞቀልኝ የወረቀት ኩባያው።

ገበር የሚሆን አላገኘሁም። እንዲሁ ባዶውን
ሉባባ ላይ ደረብኩላት፣ ከነክሩ፣ ከነስፌቱ ጠባሳውን።
መብራት ጠፋ፤ ሦስቱ ተኙ። ከላይኛው አልጋ በኩል
የስልክ ብርሃን ከጨርቁ ሥር እንደ ፋኖስ ብልጭ ይላል።
«ውይ!» አለች በሹክሹክታ፣ «ነይ ውጪና እያቸው!
ቀዩም እዚህ፣ ወርቁም እዚህ፤ ለእኔ ነው እንዴ ያዞርሻቸው?»

አላሰብኩትም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር።
መሰላሉን ወጣሁ። ከጎኗ ገባሁ፣ ከጨርቁ ሥር።
ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ አሥራ ሦስቱን ቆጠርን።
እግሯ አሁንም በረዶ ነው። ሳቅ ሲመጣብን አፋችንን ያዝን።